ስሙን የተነጠቀ ጎሳ

ስኮትላንዳዊ አያቱን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከቤተሰብ ስም ነው። ካምቤል የተባለ ካምቤሎችን ያስሳል፤ ድራሞንድ የተባለ ድራሞንዶችን። ስሙ ከገጠመ «ዘመድ ነን» ይላል፤ ካልገጠመ ትቶ ያልፋል። ይህ አካሄድ ፈጽሞ የማያዛልቅበት፣ እንዲያውም ሰውን ከገዛ ዘሩ የሚያርቅበት አንድ የስኮትላንድ ጎሳ አለ። ማክግሬገር ይባላል። ከ1603 ጀምሮ አንዴ ሲጠብቅ አንዴ ሲላላ እስከ 1774 ድረስ የዚህ ጎሳ ስም በሕግ የተከለከለ ነበር። ልጆቹ በሰው ስም ክርስትና ተነሡ፣ በሰው ስም ተዳሩ፣ በሰው ስም ተቀበሩ። በስኮትላንድ የቤተሰብ ስም ምን ያህል እንደሚመራና ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ከሥሩ ቢከተል ብዙ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማክግሬገሮች የምዕራብ ስኮትላንድ ደገኞች ናቸው። አርጋይል በሚባለው አገር፣ ግሌን ኦርኪና ግሌንስትሬ በተሰኙ ሸለቆዎች ውስጥ ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር። ጎሳው ከጥንታዊ የስኮትላንድ ነገሥታት እንደሚወለድ ይናገራል፤ መፈክሩም ዘሩ ንጉሣዊ መሆኑን የሚያውጅ ነው። ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ግን የለም። ጽሑፍ የሚጀምረው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ አንድ ዓይና ስለነበረ ኢየን ካም የተባለው የግሬገር ልጅ በ1390 መሞቱ ተመዝግቦ ይገኛል። ከእርሱ በፊት ያለው ሁሉ በቃል የወረደ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩት ደገኞች ለአበሻ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። ቋሚ የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአባት ስም ነበራቸው፤ «ማክ» ማለትም «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። አንድ ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ እንደ እኛ ሰባት ቤት ቆጣሪ ሽማግሌ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን በተርታ ይጠራ ነበር። ቋሚው ስም እየቆየ፣ በአንዳንዱ ቤት ቀድሞ በአንዳንዱ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ሲመጣም የአለቃው ሥጋ ዘመድ የሆነው ብቻ አልወሰደውም፤ በአለቃው ጥላ ሥር ያረሰው፣ ከብት የጠበቀለትና በጦርነት የተከተለው ሁሉ በጎሳው ስም ተጠራ። ስለዚህ ከሕጉ በፊትም ቢሆን ማክግሬገር መባል ብቻውን የአንድ አባት ልጅ መሆንን አያረጋግጥም ነበር።

የመከራው መነሻ መሬት ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በሎክ ኦ ሐይቅ ዙሪያ ያለውን አገር ለካምቤሎች ሰጠ። ካምቤሎች ጎበዞች ነበሩ፤ ከሰይፍ ይልቅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንደሚበልጥ ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ገብቷቸዋል። ማክግሬገሮች አባቶቻቸው በኖሩበት ምድር ላይ ቆመው ሳሉ ቀስ በቀስ የካምቤሎች ጭሰኛ ሆኑ። ከዚያም መሬቱ ሲጠብባቸው ከብት መንዳትና መዝረፍ መተዳደሪያቸው ሆነ። ዘራፊ ያደረጋቸው ረሃብና ንጥቂያ ነው የሚሉ አሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ተፈጥሯቸው ነው ይሉ ነበር። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ፤ ግን በዘረፋው የተጎዳውም ድሃ ገበሬ እንደነበር መካድ አይገባም።

በዚህ ሁሉ ጠብ መሃል ጋብቻ አልተቋረጠም። ዘር ፈላጊ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባል። የግሌንስትሬው አለቃ፣ ቀዩ ግሬገር የተባለው፣ ያገባው የግሌንላየን ባለርስት የዱንካን ካምቤልን ልጅ ማሪዮንን ነበር። ጠላቱም ሌላው ካምቤል ነው፤ ግራጫው ኮሊን በመባል የሚታወቀው የግሌን ኦርኪ ጌታ። ግሬገር ከእርሱ ጋር ተጣልቶ ለዓመታት ሸፍቶ ኖረ። በመጨረሻ ተያዘና ሚያዝያ 7 ቀን 1570 በሎክ ቴይ ሐይቅ ዳር፣ ባሎክ በተባለው ቤተ መንግሥት፣ አንገቱ ተቀላ። ማሪዮን ሕፃን ልጇን ታቅፋ ባሏን አለቀሰች። ሙሾዋ «ግሪጋል ክሪ» ይባላል፤ ሙሾም ነው፣ ልጅ ማባበያም ነው። የገዛ ወገኖቿን፣ ካምቤሎችን፣ እየከሰሰች ያወረደችው ያ ዜማ በጌሊክ ቋንቋ እስከ ዛሬ ይዘፈናል። ልጃቸው አላስዴር ይባላል። በአባቱ ማክግሬገር፣ በእናቱ ካምቤል ነው። ከአባቱ ገዳይ ጋር የሚያዛምደው የእናቱ ደም መሆኑን ልብ ይሏል።

አላስዴር አድጎ የጎሳው አለቃ ሆነ። በ1589 የንጉሡ የአደን ደን ጠባቂ የነበረው ጆን ድራሞንድ ተገድሎ ራሱ ተቆረጠ። በባልዊደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጎሳው ሰዎች በተቆረጠው ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው የገዳዮቹን ጥፋት የጋራቸው ለማድረግ ማሉ፤ አላስዴርም አብሮ ማለ። ለወገን የተከፈለ ታማኝነት ነበር፣ ዋጋውን ግን መላው ጎሳ ከፈለው። ከዚያ ወዲያ በኤደንብራ ዘንድ «ማክግሬገር» ማለት የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ስም ሆነ።

ጽዋው የሞላው በ1603 ነው። ማክግሬገሮች በሎክ ሎመንድ ዳር የሚኖሩትን ኮልሁኖች ወረሩ። ኮልሁኖች የሟቾቻቸውን ደም ያረፈበት ሸሚዝ በሴቶች አስይዘው ስተርሊንግ ድረስ በመሄድ ለንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ እንዳሳዩት ይነገራል። ንጉሡ ለኮልሁኖች አለቃ አሳዶ የመያዝ ሥልጣን ሰጠው። የካቲት 7 ቀን 1603 በግሌን ፍሩን ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ፤ ማክግሬገሮች አሸነፉ፣ ከኮልሁኖች ወገን ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ። የአላስዴር ወንድምም እዚያው ሞተ። ድሉ ከሽንፈት የከፋ ሆነባቸው።

መጋቢት 24 ቀን የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ አረፈች፣ ጄምስም የሁለት አገር ንጉሥ ሆነ። ሻንጣው ታስሮ፣ ፈረሱ ተጭኖ ለንደን ሊገባ ሲሰናዳ ሚያዝያ 3 ቀን 1603 የንጉሡ ምክር ቤት ትእዛዝ አወጣ። የማክግሬገር ስም ከዛሬ ጀምሮ ይጥፋ፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁሉ ሌላ ስም ይውሰዱ፤ እምቢ ያለ በሞት ይቀጣ። ንጉሡ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ለንደን ተነሣ። ሰውን ማሰር፣ መሬቱን መውረስ፣ ቤቱን ማቃጠል በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። የአንድን ሕዝብ ስም መግደል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያልተወለደ ልጅ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነውና።

አላስዴር ለአርጋይል ኧርል፣ ለካምቤሎች የበላይ አለቃ፣ እጁን ሰጠ። ኧርሉ በሰላም ወደ እንግሊዝ ምድር እንደሚያደርሰው ቃል ገብቶለት ነበር። ቃሉንም በፊደሉ ጠበቀ፤ አላስዴርን የእንግሊዝን ድንበር አሻግሮ እግሩ መሬቱን ከረገጠ በኋላ መልሶ ወደ ኤደንብራ ወሰደው። አላስዴር ከመሞቱ በፊት በሰጠው ቃል በኮልሁኖች ላይ እንዲነሣ የገፋፋው ኧርሉ ራሱ መሆኑን ተናገረ። ጥር 20 ቀን 1604 በኤደንብራ የገበያ መስቀል አጠገብ ከባልንጀሮቹ ጋር ተሰቀለ። አለቃ በመሆኑ ገመዱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ታሰረለት ይባላል። ማሪዮን ካምቤል በሙሾ ያሳደገችው ልጅ ፍጻሜ ይህ ሆነ።

ከዚያ ሕጉ እየከፋ ሄደ። በግሌን ፍሩን የነበሩት ምግብ መቁረጫ ከሆነ ጫፍ የሌለው ቢላዋ በቀር ስለት እንዳይዙ ታዘዘ። በ1611 የወገኑን ሰው ገድሎ ላመጣ ማክግሬገር ምሕረት ይደረግለታል ተባለ፤ ይህ ከሁሉም ትእዛዝ የከፋው ይመስለኛል። በ1613 ከአራት በላይ ሆነው መሰብሰብ በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። በ1617 የስኮትላንድ ፓርላማ የምክር ቤቱን ትእዛዝ ሕግ አድርጎ አጸናው፤ የሟቾቹ ልጆች እያደጉ ነበርና። በ1633 ደግሞ በቻርልስ ቀዳማዊ ዘመን እገዳው ታደሰና ሁለት ነገሮች ተጨመሩበት፦ ማንም ቄስ ግሬገር ብሎ ወንድ ልጅ ክርስትና እንዳያነሣ፣ ማንም ጸሐፊ ወይም ውል አዋዋይ በዚህ ስም ሰነድ እንዳይጽፍ።

የዛሬው ዘር ፈላጊ መዝገብ ገልጦ ባዶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ቀድሞውኑ በ1552 አጥቢያዎች የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ አዛ ነበር፤ ከሁሉ የሚቀድመው ዛሬም ያለው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ከ1553 ይጀምራል። ደጋው ግን ዘግይቶ ነው የጀመረው። መዝገቡ ወደ ተራራው በደረሰበት ዘመን ማክግሬገር የሚለው ቃል ብራና ላይ እንዳይሰፍር በሕግ ተከልክሎ ነበር። ሰዎቹ አሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይዳራሉ። ስማቸው ግን ሌላ ነው።

አዲሱ ስም የሚመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም። ብዙዎቹ የሚያስጠልላቸውን ባለርስት ስም ያዙ። በፐርዝ ኧርል መሬት ላይ ያለው ድራሞንድ ሆነ፣ በአቶል ጌቶች ዘንድ ያለው መሬይ፣ የሞንትሮዝ ጭሰኛ የሆነው ግሬሃም። ሌላው የእናቱን ወይም የሚስቱን ቤት ስም ወሰደ፤ ካምቤል የሆኑት ብዙ ናቸው፣ ስቱዋርትና ግራንት የሆኑም አሉ። ጥቁር፣ ነጭ የሚል የመልክ ቅጽል ይዘው ብላክና ዋይት የተባሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ስሙን ጎርደው ወይም አለዝበው ግሬጎሪና ግሬግ አሉት። የአንድ አባት ሁለት ልጆች በሁለት ሸለቆ ቢሰደዱ በሁለት ስም ይቀራሉ። የልጅ ልጆቻቸው በመንገድ ቢገናኙ አይተዋወቁም።

ይህን ዝርዝር ይዞ ግን ብላክ የተባለውን ሁሉ ማክግሬገር ማድረግ ከባድ ስሕተት ነው። በስኮትላንድ ከዚህ ጎሳ ጋር አንድም ግንኙነት የሌላቸው እጅግ ብዙ ብላኮች፣ ዋይቶችና ካምቤሎች አሉ። ግሬግ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ግሬገር የተባለ የማንኛውም ሰው ልጅ ሊጠራበት ይችላል። የኖርዌዩ የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ ቅድመ አያት ከአበርዲን አውራጃ ተነሥቶ በ1770ዎቹ በርገን የሰፈረ አሌክሳንደር ግሬግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር። እስከዚህ ድረስ በሰነድ ይቆጠራል። ከዚያ አልፎ ማክግሬገር ነው ለማለት ስሙ ብቻውን አይበቃም።

የአበርዲን ግሬጎሪዎች ጉዳይ ከዚህ ይሻላል፤ ቤተሰቡ ራሱ የማክግሬገር ዘር መሆኑን ይናገር ነበርና። ከድራሞክ አጥቢያ ቄስ ቤት የወጣው ጄምስ ግሬጎሪ በ1663 ባሳተመው መጽሐፍ በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ንድፍ ያቀረበ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ነው። የወንድሙ ልጅ ዴቪድ በኦክስፎርድ የሥነ ፈለክ መምህር ሆነ። በተራራው ላይ ያሉት ዘመዶቻቸው በአነፍናፊ ውሻ በሚታደኑበት ምዕተ ዓመት፣ እነዚህ ስማቸውን በጥቂት ለውጠው ከተማ ገብተው ከአውሮፓ ሊቃውንት ተርታ ተሰለፉ።

ማክግሬገሮች በ1640ዎቹ ጦርነት ለንጉሡ ወግነው ተዋግተው ነበርና ቻርልስ ዳግማዊ ዙፋኑን ሲያገኝ በ1661 እገዳውን አነሣላቸው። ከ1661 እስከ 1693 ያለው ጊዜ ለዘር ፈላጊ የተከፈተ መስኮት ነው። ከሁሉም የታወቀው ማክግሬገር በዚህ መስኮት ውስጥ ተወለደ። በቡካነን አጥቢያ የክርስትና መዝገብ ላይ መጋቢት 7 ቀን 1671 የተጻፈ አንድ መስመር አለ። የግሌንጋይል ሰው ዶናልድ ማክግሬገርና ማርጋሬት ካምቤል ሮበርት የተባለ ልጅ ክርስትና እንዳስነሡ ይናገራል። አባት በስሙ፣ እናት በስሟ፣ ቦታው በስሙ ተጽፏል። ይህ ልጅ በኋላ ሮብ ሮይ የተባለው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢወለድ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ያ መስመር በዚህ መልክ ባልተጻፈ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ለዘር ቆጠራ ወርቅ የሆነ የስኮትላንድ ልማድ ላንሣ። የስኮትላንድ ሴት ብታገባም በሕግ ሰነድና በመዝገብ ላይ የአባቷን ቤት ስም አትተውም ነበር፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ እንኳ ከባሏ ጎን በራሷ ስም ትጻፋለች። አበሻ ሴት በአባቷ ስም እንደምትኖረው ማለት ነው። በእንግሊዝ መዛግብት አያቶች በጋብቻ ሲሰወሩ በስኮትላንድ የማይሰወሩት በዚህ ነው።

ሮብ ሮይ በጥር 1693 የኮማሯን ሜሪ ማክግሬገርን አገባ። በዚያው ዓመት የንጉሥ ዊልያም መንግሥት እገዳውን መልሶ አወጣ፤ ማክግሬገሮች ከወረደው የስቱዋርት ቤት ጎን በመቆማቸው ነው። ሙሽራው ስሙን አጣ። የወሰደው የእናቱን ስም ነው፤ ሮበርት ካምቤል ተባለ፣ ሰነድም በዚሁ ስም ፈረመ። ያን ፊርማ ብቻ ያየ ሰው ሮብ ሮይን ከካምቤሎች ይቆጥረዋል። በእናቱ በኩል አልተሳሳተም። በአባቱ በኩል ግን የጎሳውን ባላጋራ ስም ጭኖበታል።

ሮብ ሮይ ከብት ነጋዴ ነበር። ከሞንትሮዝ መስፍን ገንዘብ ተበድሮ ገንዘቡ በነጂው እጅ ጠፋ፤ በ1712 ሕገ ወጥ ተብሎ ታወጀበት፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ እርሱም ሸፈተ። ከብዙ ዓመት ሽፍትነት በኋላ በ1734 መጨረሻ በቤቱ ሞቶ በባልዊደር ተቀበረ። ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመውን አንድ ነገር ዋልተር ስኮት «ሮብ ሮይ» ለተባለው ልቦለዱ በጻፈው መግቢያ ላይ ተርኳል። የስቱዋርት ደጋፊዎች በ1715 ባስነሡት አመፅ ጊዜ ሮብ ሮይ ወደ አበርዲን ወርዶ ከሕክምና መምህሩ ከፕሮፌሰር ግሬጎሪ ቤት አረፈ። ዘመድ ነውና በክብር ተቀበለው። እንግዳውም ውለታ ለመመለስ ብሎ የፕሮፌሰሩን ትንሽ ልጅ ወደ ተራራው ወስዶ ወንድ እንዲያደርገው ለመነ። አባትየው እንግዳውን ሳያስቀይም ልጁን ለማዳን ሰበብ አጥቶ ተጨነቀ። ሽፍታውና ፕሮፌሰሩ በስም ካምቤልና ግሬጎሪ ናቸው፤ በመቶ ዓመት እገዳ መሃል ግን ዝምድናቸውን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ዝምድናን ያቆየው መዝገብ ሳይሆን የሽማግሌ አፍ ነው።

የሮብ ሮይ ልጆች ደግሞ ሌላ ስም ያዙ። ጄምስ ሞር ድራሞንድ ተባለ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ጄምስ ማክግሬገር፣ በሌላ ስሙ ድራሞንድ» ተብሎ ተጻፈ። ወንድሙ ሮቢን ኦግ አንዲት ባለሀብት መበለት ጠልፎ በማግባቱ በ1754 በኤደንብራ ተሰቀለ፤ ጄምስ ከኤደንብራ ምሽግ አምልጦ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ሞተ። በሁለት ትውልድ ውስጥ አንድ ቤት ማክግሬገር፣ ካምቤልና ድራሞንድ ሆኗል።

በ1774 ሕጉ ለመጨረሻ ጊዜ ተሻረ። በዚያው ዓመት በኤደንብራ የሮበርት አዳም ንድፍ የሆነው የመዛግብት ቤት የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። የሥራው ገንዘብ ከፊሉ የመጣው በስቱዋርት ደጋፊነታቸው ከተወረሱ ባላባቶች ርስት ነበር። ስም ያጠፋው መንግሥት ስም የሚጠበቅበትን ቤት ከተወረሰው ንብረት መሥራቱ ነው።

በዚያው በ1774 ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላ ስኮትላንዳዊም ወደ ብሪታንያ ተመለሰ። በ1770 ጎንደር ገብቶ በአፄ ተክለ ሃይማኖትና በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የኖረው፣ መጽሐፈ ሄኖክን ከሌሎች የግዕዝ መጻሕፍት ጋር ይዞ የሄደው ጄምስ ብሩስ። ከጥንቱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስ ወገን በመሆኑ ይኮራ ነበር። የብሩስነቱ መንገድ ግን በሴት ነው፤ የአባቱ አባት የውድኮክዴሉ ዴቪድ ሃይ ሲሆን፣ የኪናርድ ርስት ወራሽ የሆነችውን ሄለን ብሩስን ሲያገባ ቤተሰቡ በእርሷ ስም ተጠራ። አባት በአባት ለሚቆጥር ሰው የጎንደሩ ብሩስ ሃይ ነው። ማንም አልከለከለው፣ ማንም አላሳደደውም፤ ርስት ከስም ጋር ስለሚሄድ ብቻ ስሙ ተለወጠ። በስኮትላንድ ስም የሚለወጠው በመከራ ብቻ አልነበረም።

እገዳው እንደተነሣ ማክግሬገሮች አለቃ መረጡ። 826 ሰዎች ፈርመው የላንሪኩን ጆን መሬይ የጎሳው እውነተኛ አለቃ አደረጉት። አለቃው መሬይ ነው፤ የአባቶቹ ማክግሬገርነት ግን ለፈራሚዎቹ የታወቀ ነበር። ቤተሰቡ የጥንት ስሙን በንጉሥ ፈቃድ በይፋ የመለሰው በ1822 ነው። በዚያው ነሐሴ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤደንብራን ሲጎበኝ የስኮትላንድን ዘውድ ከከተማዪቱ ምሽግ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት አጅበው የወሰዱት የአለቃው ልጅ ሰር ኢቫንና የጎሳው ሰዎች ነበሩ። የጎሳው ማኅበርም በዚያ ዓመት ተመሠረተ። ብዙዎች ግን ወደ ጥንቱ ስም አልተመለሱም። ውላቸው፣ የመሬት ኪራያቸው፣ የአያታቸው መቃብር በድራሞንድና በካምቤል ስም ነበርና እንደዚያው ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የመዝገብ ታሪክ ነው። በ1783 ለእያንዳንዱ ምዝገባ ሦስት ፔኒ ግብር ተጣለ፤ እስከ 1794 ድረስ ብዙ ድሃ ልጁን ሳያስመዘግብ ቀረ። ከ1841 ጀምሮ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር በየስሙ ይገኛል፤ ከ1851 ጀምሮ የተወለዱበት አጥቢያም ይጻፋል። ጥር 1 ቀን 1855 የመንግሥት ምዝገባ ግዴታ ሆነ። የዚያ የአንድ ዓመት የልደት ምዝገባ እጅግ የተሟላ ነው፤ የወላጆች ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበት ቀን፣ ቀደም ብለው የወለዷቸው ልጆች ሁሉ ይጠየቁ ነበር። ሥራው ለመዝጋቢዎች ስለበዛ በዓመቱ ተቀነሰ። የስኮትላንድ የሞት ምዝገባ ግን የሟቹን አባትና የእናቱን የልጅነት ስም ይዞ ቀጠለ። በ1860 በሰባ ዓመቷ የሞተች ሴት ምዝገባ ከእገዳው ዘመን የተወለዱ ወላጆቿን ስም ሊያወጣ ይችላል።

በእኛ ዘመን የዘረመል ምርመራ መጣ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደው ዋይ ክሮሞሶም ስም ቢለወጥም ስለማይለወጥ ለዚህ ጎሳ የተለየ ጥቅም አለው። በጎሳው ስም በተካሄደው ምርመራ ከአለቆቹ ዘር ጋር የሚገጥም ምልክት ያላቸው ሰዎች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው ማክግሬገር ያልሆነ አሉ። ማክግሬገር ተብለው ምልክቱ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። እነዚህ የሐሰት ማክግሬገሮች አይደሉም። የጎሳው ጭሰኞች፣ ተከታዮችና የሴት ልጆች ልጆች ዘር ናቸው፤ መከራውን እኩል የተቀበሉ። እንደ ጄምስ ብሩስ በሴት የመጣውን ዝምድና ዋይ ክሮሞሶም አያሳይም፤ ማሪዮን ካምቤልንም፣ ማርጋሬት ካምቤልንም አያይም። እነርሱን የሚያሳየው መዝገቡ ነው።

ስኮትላንዳዊ አያት ያላችሁ፣ ወይም በስደት አገር ከስኮትላንዳውያን ጋር ተዋልዳችሁ ለልጆቻችሁ ሁለቱንም ወገን ለመቁጠር የምትሹ አንባቢዎች፣ መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ከዚያ ከቅርቡ የሞት ምዝገባ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ በእያንዳንዱ ትውልድ የእናትን ስምና የእርሻውን ወይም የመንደሩን ስም ጻፉ። የበኩር ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራ እንደነበርም አስታውሱ። በፐርዝ፣ በስተርሊንግ ወይም በአርጋይል ተራሮች ከ1774 በፊት አንድ ድራሞንድ ወይም አንድ ካምቤል ድንገት መነሻው ቢጠፋባችሁ ፍለጋውን አታቁሙ። ያንኑ መንደር ያዙና ከ1661 እስከ 1693 ባሉት ዓመታት በማክግሬገር ስም ፈልጉት።